ኖታ ገልባጩና ሠላሳ ሰባቱ ዲየዞች

ነፋስ ስልክ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ከብረታ ብረት ቤቶቹ ጀርባ ባለው ቅያስ፣ ጋሽ ደገፋ በንቲን የማያውቅ የለም። ሥራቸውን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። ከቀኝ እጃቸው ጣቶች ላይ ጥቁር ቀለም ጠፍቶ ስለማያውቅ፣ አንዳንዱ ጡረታ የወጡ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ይመስሉታል፤ ሌላው ካርታ ነዳፊ ነበሩ ብሎ ይምላል። አንድ ጊዜ አዲስ የገባች ተከራይ በመስኮታቸው በኩል ስታልፍ፣ ጎንበስ ብለው አምስት አምስት መስመር በተሰመረበት ወረቀት ላይ ጭራ ያላቸው ነጥቦች ሲደረድሩ አየቻቸውና ደነገጠች። ወደ ባለቤታቸው ወደ ወይዘሮ ገላኔ ሄዳ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣

«እማማ፣ ሰውዬው ክታብ ነው እንዴ የሚጽፉት?» አለቻቸው።

«የምን ክታብ!» አሉ ወይዘሮ ገላኔ። «ሠላሳ ሰው ባንድ ጊዜ የሚያስተነፍስ ጽሑፍ ነው። ክታብ እንዲህ ያደርጋል?»

ጋሽ ደገፋ ኖታ ገልባጭ ናቸው። ሙዚቃ የሚደርስ ሰው የሁሉንም መሣሪያ ድምፅ እላይ እታች ደርድሮ በአንድ ትልቅ ወረቀት ላይ ይጽፋል። ተጫዋቹ ግን ያን ሁሉ አያነብም፤ የራሱን ድርሻ ብቻ ለይቶ የሚሰጠው ሰው ይፈልጋል። ከትልቁ ወረቀት የእያንዳንዱን ድርሻ አውጥቶ በንጹሕ ጽሑፍ የሚያዘጋጀው ገልባጭ ነው። ጭብጨባ ሲመጣ ገልባጩ ቤቱ ነው። ስሙ የሚነሣው ስህተት የተገኘ ዕለት ብቻ ነው፤ ጋሽ ደገፋም በሠላሳ አራት ዓመት ሥራቸው ስማቸው ተነሥቶ እንደማያውቅ ሲናገሩ ደረታቸው ይነፋል።

የተወለዱት ከዚሁ ከላፍቶ በታች ነው። አባታቸው አቶ በንቲ ጤፍና ሽምብራ የሚያርሱ ሰው ነበሩ፤ ዛሬ ለቡ የምንለው ሰፈር ግማሹ ያን ጊዜ ማሳ ነበር። ልጃቸው ግን በሃያ ዓመቱ አንድ የሠራዊት ማርሽ ባንድ በመንገድ ሲያልፍ ተከትሎ ሄዶ ሳይመለስ ቀረ። ጋሽ ደገፋ ክላሪኔት ተማሩ፤ ደህና አድርገውም ነፉ። በሦስተኛው ዓመት ከጭነት መኪና ወድቀው ሁለት የፊት ጥርሶቻቸው ረገፉ፤ ያለ ፊት ጥርስ ደግሞ ክላሪኔት አይነፋም። የባንዱ አለቃ የነበሩት ሻምበል በማግስቱ ጠሯቸውና ብዕር ሰጧቸው። «ጥርስህ ቢሄድ ጣትህ አልሄደም» አሏቸው።

ሻምበሉ ሦስት ሕግ አስተማሯቸው። አንደኛ፣ ገጽ የሚገለጠው ተጫዋቹ እረፍት ያለው ቦታ ላይ ነው፤ በሁለት እጁ እየተጫወተ በምኑ ይገልጣል? ሁለተኛ፣ ጽሑፉ በሁለት ክንድ ርቀት ይነበብ። ሦስተኛው ሕግ ግን ከጽሑፍ ይልቅ የጨዋነት ሕግ ነበር። የአለቃ ብዕር ብትስት ገልባጭ ዝም ብሎ ያቃናል፤ አለቃ በተጫዋች ፊት አይታረምም። ያቃናውን ግን አንድ ቀን ቢጠየቅ እንዳይጠፋበት በትንሽ ማስታወሻ ይዞ በደረት ኪሱ ያኖራል። ጋሽ ደገፋ በዚያች ማስታወሻ የስንቱን አለቃ ገመና እንደ ሸፈኑ እሳቸውና ኪሳቸው ብቻ ያውቃሉ።

ከዚያ ኮምፒውተር መጣ። ኖታ ከማሽን እየታተመ ይወጣ ጀመር፤ ጋሽ ደገፋን የሚጠራ ሰው ጠፋ። አሥራ አምስት ዓመት! እሳቸው ግን ጠዋት ጠዋት ጠረጴዛቸው ላይ ተቀምጠው የድሮ ማርሾችን እንደ ገና ይገለብጡ ነበር። እኔ ጎረቤታቸው ነኝና አንድ ቀን፣ «ለማን ነው ይኼ ሁሉ?» ብላቸው፣ «ለእጄ። እጅ እንደ በሬ ነው፤ ካልጠመዱት ሥራ ይረሳል» አሉኝ።

ባለፈው ዓመት አንድ ቅዳሜ ምስጢር መጣች። ምስጢር የልብስ ሰፊዋ የጎረቤታችን ልጅ ናት፤ ኖታ ማንበብ የጀመረችው ከጋሽ ደገፋ አግዳሚ ወንበር ላይ ነው። ኋላ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ገባች፣ ፒያኖ ተጫዋች ሆነች፣ የራሷን ድርሰት መጻፍ ጀመረች። ያን ቀን ፊቷ ልክ አልነበረም።

«ጋሼ፣ አልበም እየሠራሁ ነው» አለች፣ ገና ሳትቀመጥ። «የጃዝ ባንድ አለ፤ ሳክስፎን፣ ፒያኖ፣ ባስ፣ ድራም። ከእነሱ ጋር ሃያ ስድስት ሰው ያለው የሲምፎኒ ኦርኬስትራ አለ። አንድ ስቱዲዮ ውስጥ፣ አንድ ላይ።»

«አንድ ላይ?» አሉ ጋሽ ደገፋ። «ጃዝ ተጫዋች እኮ ወረቀት ሲያይ ያዛጋል፤ የኦርኬስትራ ተጫዋች ደግሞ ወረቀት ካጣ ያለቅሳል።»

«ለዚያ አይደል የምወደው! ግን የመጀመሪያው ቀን ቀረጻ ተበላሸብኝ። ከኮምፒውተር ያተምኩት ወረቀት ገጹ የሚገለጠው ዝም ብሎ መሀል ላይ ነው። ሃያ ስድስት ሰው ባንድ ጊዜ ወረቀት ሲገልጥ ማይክሮፎኑ ውስጥ ዶሮ ክንፉን የሚያራግፍ ነው የሚመስለው።»

ጋሽ ደገፋ ሳቁ። አሥራ አምስት ዓመት ሲጠብቁት የነበረው ጥያቄ መሆኑን ከሳቃቸው አወቅሁ።

«ገላኔ!» ብለው ተጣሩ። «ያቺን ጥቁር ቀለም አምጪልኝ። የታሸገችውን!»

«ለልጅ ልጄ ሰርግ ካርድ መጻፊያ አስቀምጣታለሁ ያልካትን?» አሉ ወይዘሮ ገላኔ ከጓዳ።

«ልጅቱ ገና አምስት ዓመቷ ነው። አምጪያት አልኩሽ!»

ለአምስት ሳምንት ያ መስኮት አልተዘጋም። አምስት ድርሰት፣ የሃያ ስድስት ሰው ድርሻ። ወይዘሮ ገላኔ የደረቀውን ወረቀት በልብስ መቆንጠጫ እያንጠለጠሉ፣ «ቤቴን ልብስ ማስጫ አደረገብኝ» እያሉ በየቤቱ ያማርራሉ፤ ማማረራቸው ግን ኩራት ነበር።

አራተኛው ድርሰት ላይ ሲደርሱ ሄጄ ቁጭ አልኩ። ጋሽ ደገፋ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ዝም ብለው ትልቁን ወረቀት ያያሉ።

«ልጅቷ ደክሟታል» አሉኝ።

«እንዴት?»

«ይኸውልህ፤ ሳክስፎኑ ‹ፋ› ይላል። ቫዮላዎቹ እዚያው ላይ ‹ፋ ዲየዝ› ይላሉ።» ቫዮላ የቫዮሊን ታላቅ እህት ናት፤ ዲየዝ ማለት ደግሞ ድምፁን ግማሽ ደረጃ ከፍ የምታደርግ፣ ትንሽ መሰላል የምትመስል ምልክት ናት። «ሁለቱ አንድ ላይ ሲጮኹ እንደ ድመት ጠብ ነው የሚሆነው። አንዴ ቢሆን ደግ፤ ሠላሳ ሰባት ቦታ ነው። መቼም ኮምፒውተር አንዴ ከሳተ እየደጋገመ ይስታል።»

«ታዲያ ለምን አይጠይቋትም?»

በመገረም አዩኝ። «ይጠየቃል እንዴ? ታፍራለች እኮ! ዛሬ አለቃ እሷ ናት።»

ሠላሳ ሰባቱንም መሰላል ከቫዮላዎቹ ድርሻ አስቀሩ። ከዚያ ማስታወሻቸውን አውጥተው እያንዳንዱን ቦታ በቁጥር ጻፉና ወደ ደረት ኪሳቸው መለሱ። ፊታቸው ላይ የነበረው ደስታ፣ ተኝቶ የተገለጠ ልጅን ብርድ ልብስ መልሶ የሚያለብስ ሰው ደስታ ነበር።

የቀረጻው ቀን ማክሰኞ ነበር። ወረቀቱን በሁለት ካርቶን ተካፍለን በሚኒባስ ወደ ለቡ ወረድን። ስቱዲዮው የአንድ ቪላ ምድር ቤት ነው፤ አጠገቡ ፎቅ እየተሠራ ሲሚንቶ ማቡኪያው ያገሳል። የድምፅ ባለሙያው ሃምዛ በር ላይ ተቀበለን። ከግንባታው ፎርማን ጋር ተለማምጦ ማቡኪያውን እስከ ስምንት ሰዓት እንዲያቆሙለት ተስማምቷል። «ስምንት ሰዓት ማለት ስምንት ሰዓት ነው፤ ሲሚንቶ ጃዝ አይሰማም አለኝ» አለን። ጋሽ ደገፋ ወደ ውስጥ ከመግባታቸው በፊት ዞር ብለው ግቢውን አዩ። «ይቺ የአባቴ የሽምብራ ማሳ ጠርዝ ናት» አሉኝ ቀስ ብለው።

ተጫዋቾቹ ወረቀቱን ሲቀበሉ የሆነውን አልረሳውም። አንዲት ቫዮሊን ተጫዋች ገጹን ወደ ብርሃን አንሥታ፣ «ይኼ የእጅ ጽሑፍ ነው? ውሸት ነው!» አለች። ሌላው በጣቱ ነካካው። ሦስቱ ድርሰቶች ያለ እንከን ተቀዱ። ገጽ የሚገለጥበት ቦታ ሲደርስ ያ ሁሉ እጅ በእረፍቱ ተራ በተራ ይነሣል፣ ይገልጣል፣ ይመለሳል፤ ኮሽ የሚል የለም። ሃምዛ ከመስታወቱ ጀርባ በማይክሮፎን፣

«ጋሼ፣ ወረቀቱን ምን አስምለውት ነው? ዲዳ ሆነ እኮ!» አለ። ሁሉም አጨበጨበ። ጋሽ ደገፋ ባዶው የጥርስ ቦታቸው እስኪታይ ድረስ ፈገግ አሉ።

በሻይ እረፍት ምስጢር አጠገባቸው መጥታ ተንበረከከች። «ጋሼ፣ የአልበሙ ጀርባ ላይ ስምዎን እንዴት ልጻፈው?»

«የማንን ስም?»

«የእርስዎን ነዋ!»

«ደገፋ በንቲ፣ ኖታ ገልባጭ» አሉ። «የአባቴን ስም አትርሺ።» በሰባ ሁለት ዓመታቸው ስማቸው ሊታተም የመጀመሪያ ጊዜው ነው።

ከዚያ አራተኛው ድርሰት መጣ። ስሙ «ጥር» ይባላል። ድራሙ በችክችካ ተነሣ፣ ሳክስፎኑ ገባ፣ ቫዮላዎቹ ተከተሉት። ማር ነው! ተጫዋቾቹ እርስ በርሳቸው እየተያዩ ፈገግ ይላሉ። ምስጢር ብቻ ማዳመጫዋን ከጆሮዋ አወለቀች።

«ቆይ፣ ቆይ። ቫዮላዎች፣ ፋ ዲየዝ ነው እኮ።»

የቫዮላዎቹ መሪ ፍሮምሳ ረዥም ቀጭን ወጣት ነው። ወረቀቱ ላይ አጎነበሰ። «ዲየዝ የለም።»

«ሃያ ሁለተኛው ባር ላይ?» አለች፤ ባር የሚባለው ኖታው በቋሚ መስመር የሚከፋፈልበት እያንዳንዱ ክፍል ነው።

«የለም። ሃያ ሦስትም ላይ የለም።»

«እኔ ጋ ስክሪኑ ላይ አለ» አለ ሃምዛ።

ሁሉም ዓይን ወደ ጋሽ ደገፋ ዞረ፤ ወዲያው ደግሞ ሁሉም ዓይን በይሉኝታ ወደ መሬት ወረደ። ፍሮምሳ ጨዋ ልጅ ነውና የማምለጫ በር ከፈተላቸው። «ጋሼ አልፈውት ይሆናል። ዓይን ነው፤ ይኼን ሁሉ ገጽ በእጅ መጻፍ እኮ ቀላል አይደለም።»

«አዎ፣ ዕድሜም አለ» አለ አንድ ሌላ ድምፅ ከኋላ።

ምስጢርም ተንፍሳ፣ «ይሁን፤ እንዲሁም ያምራል። ሰዓቱ እየሄደብን ነው። እንደ ተጻፈው እንቀጥል» አለች።

ነገሩ እዚያ ላይ አልቆ ነበር። ዝም ቢሉ ሙዚቃው እሳቸው እንዳጣፈጡት ለዘላለም ይቀዳል፤ ስማቸውም ይታተማል። የሚከፍሉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ዓይናቸው ደክሞ ነው» መባል። እኔ ያንን እንዲቀበሉ በልቤ ለመንኩ። እጃቸው ወደ ደረት ኪሳቸው ሲሄድ አየሁ። ከዚያ ተነሡ።

«ዓይኔ ደህና ነው» አሉ። «እጄም ደህና ነው። አልፌው አይደለም፤ አውቄ ነው ያስቀረሁት። ሠላሳ ሰባት ቦታ።»

ከኋላ አንዱ ሊስቅ ጀምሮ አፈነው።

«አውቀው?» አለች ምስጢር። ድምፅዋ ተለወጠ። «ጋሼ! ያቺን ግጭት እኮ አምስት ወር ነው የለፋሁባት!»

«ስህተት መስሎኝ ነው፣ ልጄ። በሰው ፊት እንዳታፍሪ ብዬ ሸፈንኩልሽ።»

ምስጢር መጣችና ፊት ለፊታቸው ቆመች። «ጋሼ፣ ጥር ላይ ጀሞ አደባባይ ሁለት ሰርግ ሲገናኝ አይተው አያውቁም? አንዱ አጃቢ በዚህ ይመጣል፣ ጥሩንባውን እየነፋ፣ እየዘፈነ። ሌላው በዚያ ይመጣል፣ የራሱን እየዘፈነ። አደባባዩ ላይ ይገናኛሉ።»

«አይቻለሁ እንጂ! ጆሮ ነው የሚያደነቁሩት።»

«ማን ለማን ብሎ ዘፈኑን ይተዋል?»

ጋሽ ደገፋ አሰቡ። «ማንም» አሉ። «ማን ደስታውን ይተዋል? ሁለቱም የየራሳቸውን እንደያዙ ይተላለፋሉ።»

«እሱን ነው የጻፍኩት! ጃዙ ሲምፎኒውን እንዲለማመጠው አይደለም የፈለግሁት፤ ሲምፎኒውም ጃዙን ጠጉሩን አበጥሮ እንዲያስቀምጠው አይደለም። አደባባይ ላይ ላገናኛቸው ነው።»

ጋሽ ደገፋ መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱ። «ሰዓት ስንት ነው?»

«ሰባት ከሃያ» አለ ሃምዛ። «አርባ ደቂቃ አለን።»

«የቫዮላዎቹን ወረቀት አምጡ። ብዕሬ የታለ?»

ማስታወሻቸውን አውጥተው ለፍሮምሳ ሰጡት። ፍሮምሳ የባሩን ቁጥር ይጠራል፤ ጋሽ ደገፋ የኖታ ማቆሚያው ላይ አጎንብሰው ይጽፋሉ። አራት ቫዮላ፣ ለሁለት ሁለት ሰው አንድ ወረቀት። ሰባ አራት መሰላል። ቦታ ሳይተዉላቸው ስለ ነበር ምልክቶቹ በነጥቦቹ መሀል በግድ ነው የሚገቡት፤ አሥረኛው ላይ ፍሮምሳ እንደ ታክሲ ረዳት ጮኸ፤

«ጠጋ ጠጋ በሉ፣ ዲየዝ ሊገባ ነው! ትርፍ አይደለም፣ ሕጋዊ ነው!»

ያ ሁሉ የታፈነ ሳቅ ፈነዳ። ምስጢርም ሳቀች። ጋሽ ደገፋ ግን አልሳቁም፤ እጃቸውን እያየሁ ነበር፤ አንድም ጊዜ አልተንቀጠቀጠም። አሥራ ሁለት ደቂቃ ፈጀባቸው። ቀለሙን እፍ እፍ ብለው አደረቁና ተመልሰው ተቀመጡ።

ድራሙ እንደ ገና ተነሣ። ሳክስፎኑ ገባ። ከዚያ ቫዮላዎቹ ገቡ፤ እውነትም ተጋጩ! መጀመሪያ ጆሮዬን ልይዝ ነበር። ሁለተኛው ግጭት ላይ ግን ድምፁ ወደ ጎን ተከፈተ፤ ጠባብ የነበረው ክፍል የሰፋ መሰለኝ። ሁለት ደስታ በአንድ መንገድ፣ ማንም ለማንም ሳይለቅ። ሳክስፎን ነፊው ዓይኑን ጨፍኖ ወረቀት ላይ የሌለ ነገር ይጨምራል፤ ሃያ ስድስቱ የተጻፈውን ብቻ ይዘው አይለቁም፤ ሁለቱም ልክ ናቸው። ጋሽ ደገፋ ጉልበታቸውን ይዘው አንገታቸውን ወደፊት ሰብቀው ያዳምጣሉ።

ሁለት ጊዜ ተቀዳ። በሁለተኛው የመጨረሻዋ ድምፅ ጠፍታ ሃምዛ እጁን ሲያወርድ፣ ከግድግዳው ማዶ ማቡኪያው ጉርርር አለ። ስምንት ሰዓት። ጩኸቱ፣ ጭብጨባው፣ የማቡኪያው ግሳት ተቀላቀለ።

«እንዴት ነው ጋሼ?» አለች ምስጢር።

«የቀሩኝን ጥርሶች ነቀነቀቻቸው» አሉ። ከዚያ ፊታቸው ከበድ አለ። «ስሜን ግን ተይው። ሥራ ያበላሸ ሰው ስሙ አይታተምም።»

«እኔ የምጽፈው፣ ዓይኔ ነው ብሎ ማምለጥ ሲችል ያላመለጠ ሰው ስም ነው» አለቻቸው። «ከአባትዎ ስም ጋር።»

አምስተኛው ድርሰት በሌላ ቀን ተቀዳ። አልበሙ በሰኔ ሲወጣ ሰፈራችን ተሰብስቦ ከወይዘሮ ገላኔ ሳሎን ሰማው። ብዙው ሰው «ጥር» ላይ ሲደርስ ቅንድቡን ከፍ አደረገ፤ የብረታ ብረት ቤቱ ሞልቱ ብቻ፣ «ይኼ የእኛ የጀሞ ሰርግ ነው!» ብሎ ብድግ አለ። ወይዘሮ ገላኔ ያቺን ተከራይ አጠገባቸው አስቀምጠው የአልበሙን ልባስ ጀርባ በጣታቸው እያሳዩ አስነበቧት። ደገፋ በንቲ፣ ኖታ ገልባጭ። «ክታብ ነው ያልሽው ይኸውልሽ» አሏት።

አሁን ምስጢር ድርሰቶቹን በአዳራሽ ልታቀርብ እየተዘጋጀች ነው። በጠባብ ቦታ የተጨናነቀው የቫዮላዎቹ ወረቀት ለማንበብ ስላስቸገረ አዲስ ቅጂ አስፈለገ፤ መስኮቱም እንደ ገና ተከፍቷል። ትናንት ገብቼ አየሁት። ሠላሳ ሰባቱም ዲየዞች በሰፊ ቦታ፣ ቀጥ ብለው ቆመዋል። በእያንዳንዳቸው ራስ ላይ በቀይ ቀለም፣ ከጤፍ ፍሬ ባልበለጠች ፊደል የተጻፈ ነገር አለ። መነጽሬን አድርጌ አነበብኩት።

«ትክክል ነው። ደ.በ.»

«ለማን ነው ይኼ?» አልኳቸው።

«ከእኔ በኋላ ለሚመጣው ገልባጭ» አሉኝ ቀና ሳይሉ። «ጨዋ ሰው ከሆነ፣ እሱም ሊሸፍንላት ይነሣል።» ብዕራቸውን ነክረው ወደሚቀጥለው ገጽ አለፉ።